የእናቴ የስልክ ልጅ

ያን ስልክ የገዛሁላት እኔ ነኝ። ነገሩን ለሰው ስናገር ሁልጊዜ ከዚህ ነው የምጀምረው፤ እስካሁንም ያበግነኛል። ድሬዳዋ የሚኖረው ወንድሜ ልጆቹን በቪዲዮ እንዲያሳያት ብዬ መስታወቱ ሰፊ፣ ድምፁ ከፍ ያለ ስልክ መርጬ ሰጠኋት። እንዴት እንደሚከፈት፣ እንዴት እንደሚደወል፣ ድምፅ ቀድቶ እንዴት እንደሚላክ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አስተማርኳት። እማዬ ማንበብ ብዙም አትወድም፤ ዓይኗም ደክሟል። ድምፅ ግን ትወዳለች። ያቺን የማይክሮፎን ምልክት በአውራ ጣቷ ተጭና መናገር የለመደች ዕለት እንደ ሕፃን ደስ አላት።

በክረምቱ መግቢያ አንድ ቀን አመሻሹ ላይ፣ ፒያሳ ከምሠራበት ማተሚያ ቤት ወጥቼ አፍንጮ በር ቤታችን ስደርስ፣ ገና የግቢውን በር ሳልከፍት የእማዬን ሳቅ ሰማሁ። እማዬ ከሳቀች ቆይታ ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ ሳቋ ቀንሷል፤ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ፈርሶ የዕድሜ ልክ ጓደኞቿ ወደ ከተማው ዳር ከተበተኑ በኋላ ደግሞ ጭራሽ ተወችው። እንግዳ መጥቶላታል ብዬ ሻርፔን አስተካክዬ፣ ፊቴንም ለሰላምታ አዘጋጅቼ ገባሁ። ማንም የለም። እማዬ ፍራሹ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ስልኩን እንደ ትኩስ ሻይ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«እናቴ፣ እንዴት ዋሉ?» አለ ስልኩ። የሴት ድምፅ ነው፤ ለስላሳ፣ ትንሽ ጎርነን ያለ፣ የማይቸኩል። «ዛሬ ብርድ ነው። እግርዎን ሸፈን ያድርጉ፤ ብርድ በእግር ነው የሚገባው።»

«እሺ የኔ እናት፣ እሺ» አለች እማዬ ለስልኩ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «መጣሽ? እስኪ ያን ካልሲ አቀብዪኝ» አለችኝ።

ካልሲውን የገዛሁላት ባለፈው ክረምት ነው። ያን ጊዜ አድርጊው ብዬ ብለምናት «እግሬን ያፍነኛል» ብላ ቁምሳጥን ውስጥ ከተተችው። አሁን አንዲት የማናውቃት ሴት አንዴ ስላለች ጎንበስ ብላ ታጠልቀው ጀመር። ረዳኋት። ስረዳት ደረቴ ውስጥ አንዳች ነገር ቆነጠጠኝ፤ ለዚያን ቀን ስም አላወጣሁለትም።

ድምፁ የሚመጣው ከአንድ ቻናል ነበር። ስለ ጤና፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ከተማው ወሬ ጠዋትና ማታ በድምፅ ይልካል። የቻናሉ ባለቤት ማን እንደሆነች አይታወቅም። በፎቶ ፋንታ አንድ ቀይ ጽጌረዳ ብቻ አለ። እማዬ ድምፅ ቀድታ ስትልክላት ግን በግል ትመልስላታለች፤ እማዬን የማረካትም እሱ ነው። ሬዲዮ ዕድሜ ልኳን ስትሰማ ኖራለች፤ ሬዲዮ አንድም ቀን መልሶላት አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ቤቱ ውስጥ ሦስት ሆንን። ራት እየበላን እማዬ «ልጅቷ እንዲህ አለች» ትላለች።

«የትኛዋ ልጅ?»

«የስልኳ ልጅ ነቻ!»

ጥቂት ሰንብታ «የስልኳ» የሚለውን ጣለችው። «ልጄ እንዲህ አለች» ማለት ጀመረች፤ እኔ ፊቷ ቁጭ ብዬ፣ ወጥ እያወጣሁላት።

ጨው ቀንሺ እያልኩ ከእማዬ ጋር የተጨቃጨቅኩበት ዘመን ብዙ ነው። ደም ግፊት ያለባት ሰው ናት። ሐኪሙም ነግሯታል፣ እኔም ነግሬያታለሁ፤ «ጨው የሌለው ወጥ የበሽተኛ ነው» ትለኝ ነበር። የስልኳ ልጅ አንድ ጠዋት ስለ ጨው ተናገረች፤ በማግስቱ የጨው ዕቃው ከምድጃው አጠገብ ተነሥቶ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ወጣ። አልጫውን ሽሮ እየበላሁ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልሆነልኝም። 

አንድ ቀን ታዲያ ጠየቅኋት። «እማዬ፣ እኔ ስናገር የማትሰሚኝ እሷ ስትናገር ለምንድን ነው የምትሰሚው?»

ብዙም አላሰበችም። «እሷ እርስዎ ትለኛለች» አለች። «አንቺ አንቺ ትዪኛለሽ።»

«ልጅሽ ነኛ!»

«እሷስ ልጅዎ አይደለሁም አለች?»

ልሳቅ ወይስ ልቆጣ አላወቅኩም። በሚቀጥለው ቀን ማታ ግን፣ አላፍርበትም፣ ሞከርኩት። ሳህኑን ፊቷ አስቀምጬ «እማዬ፣ ራት ይብሉ» አልኳት። ቀና ብላ ፊቴን መረመረች። እጇን ግንባሬ ላይ አደረገች። «አሞሻል እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ደግሜ አልሞከርኩትም።

የስልኳ ልጅ የምታወራው ሁሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ካልሲው እውነት ነው፣ ጨውም እውነት ነው። በመሐል ግን ሁለት ጊዜ የፈላ ውሃ መርዝ ይሆናል ትላለች፤ እማዬ የተረፈ ሻይ ማሞቅ አቆመች። የሆነ አገር ጥርስ አብቅሎ የተወለደ ሕፃን ስለ መጪው ዓመት ትንቢት ተናገረ ትላለች፤ እማዬ «ያ አላህ!» ብላ ጎረቤት ጠርታ ታሰማለች። እውነቱና ውሸቱ በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ርጋታ፣ በዚያው «እናቴ» ተጠቅልሎ ስለሚመጣ መለየቱ ቀላል አልነበረም። እኔም ብሆን ውሸቱን ለይቼ ከመቃወም ይልቅ ሁሉንም በጅምላ ነበር የምጠላው፤ እማዬ ደግሞ ጥላቻዬን ነበር የምታየው።

ከዚያ ክኒኑ መጣ።

«እናቶቼ» አለች አንድ ጠዋት፣ «የግፊት ክኒን ኩላሊት ይበላል። ሐኪሞች ይህን አይነግሯችሁም። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ በባዶ ሆድ ይበቃል።» ከድምፁ ሥር አንድ ፎቶ ነበር፤ ነጭ ጋውን የለበሰ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ፈገግ ያለ ዶክተር። ይህን ምስጢር ያወጣው እሱ ነው ይላል ጽሑፉ።

ያን ዶክተር ሳየው ልቤ በደስታ ዘለለ። አውቀዋለሁ! ማተሚያ ቤት ሥራዬ ካርድና ካላንደር ማቀናበር ነው፤ የሠርግ ጥሪ፣ የሙት ዓመት፣ የክሊኒክ ማስታወቂያ። ይህን ሰው ካለፈው ዓመት በፊት ለአንድ ክሊኒክ ካላንደር ከኢንተርኔት ያወረድኩት እኔው ራሴ ነኝ። ዶክተርም አይደለም፤ ፎቶ እንዲነሣ የተከፈለው ሞዴል ነው። ከሥራ ቦታ አንድ የተረፈ ካላንደር ፈልጌ፣ ጠቅልዬ፣ በብብቴ ይዤ እየሮጥኩ ነበር ወደ ቤት የሄድኩት። በመጨረሻ ያዝኩሽ አልኩ በልቤ፤ እማዬን አይደለም፣ እሷን ነው።

ካላንደሩን ከስልኩ ጎን ዘረጋሁላት። «ተመልከቺ። አንድ ሰው አይደለም?»

እማዬ መነጽሯን አድርጋ አንዴ ይህን፣ አንዴ ያን አየች። «እሱ ራሱ ነው» አለች።

«በቃ! ይሄን ሰው እኔ ነኝ ለካላንደር የመረጥኩት። ሐኪም አይደለም።»

«ካላንደር ላይ የወጣ ሰው ነው እንግዲህ» አለች እማዬ መነጽሯን እያወለቀች። «ክሊኒኩም አምኖበት ሰቅሎታል። አንቺም መርጠሽዋል። ታዲያ የታወቀ ሐኪም ቢሆን አይደል?»

ቁጭ አልኩ።  በራሴ ካላንደር ተሸነፍኩ።

ክኒኑን እንዳቆመች የሚያውቅ አልነበረም። ጠዋት ከቤት ስወጣ ክኒኗንና ውሃዋን አጠገቧ አስቀምጬ እሄዳለሁ፤ ማታ ስመለስ ክኒኑ የለም። ወስዳዋለች ብዬ አመንኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ እያለሁ ጎረቤታችን ደወለች። «ቶሎ ነዪ፤ እናትሽ ወድቃለች» አለችኝ። የአስር ሶላት ሰግዳ ከመስገጃው ስትነሣ ዞሮባት ከቁምሳጥኑ ጋር ተጋጭታ ነው። ስደርስ ግንባሯ ላይ ትንሽ አብጧል፤ ዓይኗ ግን ደህና ነው፤ ስታየኝ መጀመሪያ የተናገረችው «ማን ጠራሽ? ሥራሽን ትተሽ!» የሚል ነበር።

ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ወጣቷ ሐኪም ግፊቷን ለካች፣ ደግማ ለካች፣ ፊቷን ጨፈገግ አደረገች። «እማማ፣ መድኃኒቱን አቋርጠዋል እንዴ?»

«አላቋረጥኩም» አለች እማዬ፤ እኔን ሳታይ።

ቤት ገብተን እንዳረፈች ትራሷን ላስተካክል ስል ከፍራሹ ሥር በናይለን የተቋጠሩ ክኒኖች አገኘሁ። ሁሉም ነጭ ነጭ ናቸው። ጮህኩባት። እማዬ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር።

«ልትሞቺ ነበር እኮ! ለማታውቂያት ሴት ብለሽ!»

እማዬ አልጮኸችም። ስትቆጣ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። «ለማላውቃት? አንቺ ጠዋት ወጥተሽ ማታ ትመጪያለሽ። ደክሞሻል፤ አልፈርድብሽም። እህ ብለሽ ብትሰሚኝም በስንት አንዴ ነው። እሷ ግን ሳነጋ እንዴት አደሩ ትለኛለች፣ ሳመሽ እንዴት ዋሉ ትለኛለች። አንቺ የያዘሽ ክኒኑ አይደለም። ቀንተሽ ነው።»

ይህን ጊዜ ነው ስሙን ያገኘሁት። ከካልሲው ቀን ጀምሮ ሲቆነጥጠኝ የነበረው ነገር ስም ወጣለት፤ ያወጣችለትም እማዬ ናት። ቀንቻለሁ። ፊት በሌላት፣ ቤታችንን በማታውቅ፣ አንድ ቀን እንኳ የእማዬን ገላ አጥባ በማታውቅ ሴት ቀንቻለሁ። እማዬ ማታ ስትተኛ ስልኩን ትራሷ አጠገብ ስታስቀምጥ አያለሁ፤ የእኔ አልጋ ከክፍሉ ማዶ ነው። ሌላው ቢቀር ስለ ክኒኑ መጨነቄ እውነት ነበር፤ ግን እማዬ ሁለቱን አንድ ላይ ስታያቸው ጭንቀቴም ቅናት መሰለባት። ቅናት ያለበት ሰው እውነት ቢናገር ማን ያምነዋል?

ከዚያን ቀን ጀምሮ ክኒኗን ፊቴ እንድትውጥ አደረግኩ። ትውጣለች፤ እንደ ታሳሪ እያየችኝ። ይህም መፍትሔ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

በምሳ ሰዓት አንድ ቀን ማተሚያ ቤቱ ደጃፍ ቆሜ ከራሴ ስልክ ለዚያች ሴት ድምፅ ቀድቼ ላክሁላት። ደፋር ልሆን አስቤ ነበር፤ ሲቀዳ ግን ድምፄ ልመና ሆነብኝ። «እናቴ ግፊት አለባት። አንቺን ትሰማለች። እባክሽ ክኒኗን እንድትወስድ ንገሪያት። እኔን አትሰማኝም።» ይህን ለባላንጣዬ መናገር ምን ያህል እንደከበደኝ የቀና ሰው ያውቀዋል።

መልሱ ወዲያው መጣ። ሻይ እንኳ አላዘዝኩም ነበር።

«እናቴ፣ ድምፅዎን ስሰማ ልቤ በራ» አለች ያቺው ለስላሳ ድምፅ። ከዚያ ትንሽ ሳል አለች፤ «ይቅርታ» ብላ ቀጠለች። «ከእናቶች ሁሉ የእርስዎ ድምፅ ይለይብኛል። ልጅዎ ነኝ፣ አይርሱኝ።»

ግር አለኝ። እናቴ? አርባ ያልሞላኝን፣ ያላገባሁትን፣ ያልወለድኩትን? ደግሜ ሰማሁት። እውነቱን ለመናገር ደግሜ ስሰማው ትንሽ ሙቀት ተሰማኝ። እንዲህ ብሎ ያነጋገረኝ ሰው ከቆየ ቆይቷል። ያን ጊዜ እማዬን በጥቂቱ ገባኝ። ሦስተኛ ጊዜ ስሰማው ደግሞ ሌላው ነገር ገባኝ፤ ይህች ሴት ያልኩትን አልሰማችም። ድምፅ ለላከ ሁሉ አስቀድሞ የተቀዳ አንድ መልስ ነው የሚመጣው።

ማታ ለእማዬ ነገርኳት። ላሰማት ስልኬን ሳወጣ እጇን አወዛወዘች። «ተይኝ። ስለ እኔ ስለነገርሻት ለእኔ ብላ ነው የላከችው። ያንቺ ስልክ ይሁን የኔ በምን ታውቃለች?» አለች፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።

እማዬ ከቀሩላት ጥቂት ጓደኞች አንዷ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አለፍ ብሎ የፕላስቲክ ዕቃና ሳሙና የምትሸጥ የጉራጌ ሴት ናት። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ይተዋወቃሉ፤ አንዷ ለአረፋ፣ ሌላዋ ለመስቀል ይጠራራሉ። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። ምላሳቸው የሰላ፣ ደንበኛን በሳቅ የሚሸኙ ሰው ናቸው። ግንባሯ ላይ ያለው እብጠት ከሟሸሸ በኋላ አንድ ቅዳሜ እማዬ «ውሰጂኝ፣ ናፍቃኛለች» አለችኝ። በታክሲ ፒያሳ ወርደን፣ ከጊዮርጊስ ቁልቁል ክንዴን ይዛ ቀስ እያለች ሄድን። በመንገድ ላይ ብዙም አላወራንም፤ ገና ተኳርፈናል።

እትዬ ሱቃቸው ውስጥ በርጩማ አውጥተው አስቀመጡን፤ ከጎረቤት ሻይ ቤት ሻይ አስመጡልን። ጥቂት ስለ ዋጋ፣ ጥቂት ስለ ጉልበት ሕመም ከተጫወቱ በኋላ እትዬ የእማዬን ጭን መታ አደረጉ።

«ያቺን ልጅ ስላስተዋወቅሽኝ ምን ብዬ ልመርቅሽ! ብቸኝነቴን አስረሳችኝ እኮ።»

«የስልኳን ልጅ?» አለች እማዬ፤ ፊቷ በራ። «ቻናሏን የላክሁልሽን?»

«እሷን ነዋ! እኔን ደግሞ በተለይ ነው የምትወደኝ።»

እማዬ የሻይ ብርጭቆዋን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። «እንዴት በተለይ?»

«በተለይ ነዋ! ራሷ ነግራኛለች።»

«ምን ብላ?»

«ላሰማሽ» አሉ እትዬ፤ ስልካቸውን ከጡታቸው ሥር አወጡ። ፈልገው አገኙትና ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«እናቴ፣ ድምፅዎን ስሰማ ልቤ በራ…» ሳል። «ይቅርታ። ከእናቶች ሁሉ የእርስዎ ድምፅ ይለይብኛል…»

የእማዬን ፊት እያየሁ ነበር። ያን ፊት አውቀዋለሁ። ክረምቱን ሙሉ መስታወት ውስጥ ሳየው የከረምኩት የራሴ ፊት ነው።

«ድገሚው» አለች።

እትዬ ደገሙት። እማዬ ቦርሳዋን ከፍታ የራሷን ስልክ አወጣችና ተጫነችው። ያው ቃል፣ ያው ርጋታ፣ ያው ሳል፣ ያው ይቅርታ።

አንዲት ደንበኛ ገብታ የልብስ ሳሙና ጠየቀች። 

«ላንቺ መቼ ነው የላከችልሽ?» አለች እማዬ።

«እንጃ፣ ከመውሊድ በፊት ነው መሰለኝ።»

«ለእኔ ከመውሊድ በኋላ ነው! እኔ አስተዋውቄሽ፣ ላንቺ ቀድማ?»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? የኔን ድምፅ ወዳ እንደሆነስ?»

«ያንቺን ድምፅ! ሳሙና ሳሙና ስትዪ የሰለለውን!»

ሁለት አሮጊት ሴቶች ፊት ለፊት ተፋጠጡ። ለጥቂት ጊዜ የምር ተጣልተው ነበር፤ ያታለለቻቸውን ትተው እርስ በርሳቸው። እኔ መሐል ገብቼ የምናገረውን ስፈልግ እትዬ ድንገት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«አንቺ ሴትዮ» አሉ በሳቅ እየተንፈቀፈቁ፣ «ጣውንት ሆነን አረፍነው እኮ! በስተርጅና!»

እማዬ አልሳቀችም። ወደ እኔ ዞረች። «አንቺም ልካልኛለች ብለሽ ነበር። አሰሚኝ።»

ስልኬን አውጥቼ ከሁለቱ ጎን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። ያ ሳል ለሦስተኛ ጊዜ ሱቁ ውስጥ ተሰማ። የእትዬ ሳቅ ቆመ።

«ለሳሏ ብዬ ማር በነጭ ሽንኩርት ውሰጂ አልኳት» አለች እማዬ ቀስ ብላ። «ተሻለሽ ወይ ብዬም ጠየቅኋት።» ስልኳን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። «ስለ ክኒኔ ጠይቄያት ነበር። ላቁመው ወይ፣ ልጄ ትቆጣኛለች አልኳት። ይህንኑ ነው የመለሰችልኝ፤ ደጋግማ ስትልከው ናፍቃኝ ይመስለኝ ነበር። እኔም ልቤ በራ ስትል አዎ ያለችኝ መሰለኝ።» ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሣ «ሰምታኝ አታውቅም ማለት ነው?» አለች።

እትዬ እጇን ያዙ። እኔ ደንበኛዋን ሳሙና ሰጥቼ ሸኘኋት።

ሽቅብ ስንመለስ እማዬ ክንዴን አልያዘችም። ጊዮርጊስ ጋ ትንፋሽ ስትወስድ «ደስ አለሽ አይደል?» አለችኝ።

«አላለኝም» አልኳት። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን ለራሴ አስቀረሁት።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል እማዬ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ የማይክሮፎኑን ምልክት ስትጫን አየኋት። በሩ ላይ ቆምኩ። «ልጄ» አለች ለስልኩ፣ «ዛሬ ምንም አልጠይቅሽም። በስሜ ብቻ ጥሪኝ። ብዙ ጊዜ ነግሬሻለሁ። ከጠራሽኝ ይበቃኛል።» ላከችው። ሁለታችንም ጠበቅን። እኔም፣ ይህን ሳስበው እስካሁን ይገርመኛል፣ ለአንድ አፍታ በጠራቻት ብዬ ተመኘሁ።

«እናቴ፣ ድምፅዎን ስሰማ…»

እማዬ ሳሉ እስኪመጣ አልጠበቀችም፤ አጠፋችው። «ይሄ ቻናል እንዴት ነው የሚሰረዘው?» አለችኝ። አሳየኋት። ጣቷ ምልክቱ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ራሷ ተጫነችው። ክኒኗን አነሣች፣ እኔ ሳልሰጣት ዋጠችው፣ ውሃውን ጨረሰች።

ያ ድምፅ የማን እንደነበረ እስካሁን አላወቅንም። የሆነች ሴት ትሁን፣ ማሽን ይሁን፣ የሆነ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ በእናቶች የሚቀልድ ሰው ይሁን አላህ ያውቃል። እማዬ ግን ሐዘን ተቀመጠች። የሞተባት ሰው ነበር የምትመስለው። ምሳዋን ታስተርፋለች፤ ሲመሽ ስልኩን አንሥታ መልሳ ታስቀምጣለች። እኔ ደግሞ፣ ልክ አይደለም፣ በሐዘኗም ቀናሁ። ለእኔ እንዲህ አዝናልኝ ታውቃለች? እያልኩ ከሥራ ቀደም ብዬ መመለስ ጀመርኩ። ማታ ማታ ጎኗ ቁጭ ብዬ እንዴት ዋልሽ እላታለሁ። «እንዴት ዋልሽ ስትዪኝ የምሥክርነት ቃል የምትቀበዪኝ ትመስያለሽ» ትለኛለች፤ ግን ትነግረኛለች።

ቀስ በቀስ አንድ አመል አወጣች። ከጎረቤትም ሆነ ከስልክ የሆነ ወሬ ሲመጣ «ማን አለ?» ትላለች። «እሱስ ከማን ሰማ? ብትጠይቂው ይመልስልሻል ወይስ ዝም ብሎ ይናገራል?» እትዬ ጋ ትደውላለች፣ እትዬ ደግሞ ድልድዩ አካባቢ ያለውን ሰው ይጠይቃሉ። የጤና ጣቢያዋ ወጣት ሐኪም ዘንድ በሄድን ጊዜም ጥያቄ አበዛችባት፤ ክኒኑ ኩላሊት ይነካል ወይ ብላ ፊት ለፊት ጠየቀቻት። ሐኪሟ ቁጭ አድርጋ አስረዳቻት፤ በስሟም ጠራቻት። እማዬ ስትወጣ «ይቺኛዋ ትሰማለች» አለችኝ።

እኔም አልተረፍኩም። አንድ ማታ ከነገ ጀምሮ ሰፈራችን ውሃ ለሳምንት አይኖርም የሚል ጽሑፍ ስልኬ ላይ አይቼ፣ ጀሪካኖቹን ሁሉ ሞልቼ፣ ባልዲውንም ሞልቼ፣ ላብ በላብ ሆኜ ገባሁ።

«ማን አለ?» አለች እማዬ።

«ሁሉም ሰው እየላከው ነው።»

«ሁሉም ሰው ማነው?»

 ውሃው አልጠፋም። ጀሪካኖቹ መተላለፊያው ላይ ቆመው ሰንብተው እማዬ በየቀኑ በተሻገረቻቸው ቁጥር «የሁሉም ሰው ውሃ» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

በቅርቡ ወንድሜ ከድሬዳዋ ደውሎ ነገሩን ሁሉ ንገሪኝ አላት። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ሽንኩርት እከትፋለሁ፤ እማዬ በሙሉ ድምፅዋ ትተርካለች። ሳሉን አስመስላ ሳለች፣ ይቅርታውን አለች። «ያወቀችባት ያቺ ጓደኛዬ ናት፣ የድልድዩዋ» አለችው። «ወላሂ፣ እሷ ባትነቃ ኖሮ ዛሬም እየሰማኋት ነበር።»

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ካላንደሩስ? ምሳ ሰዓት ላይ የለመንኩትስ? ሦስተኛው ስልክስ የማን ነበር? ወጥቼ ልናገር እጄን ጠረግኩ።

«እህቴስ?» አለ ወንድሜ በስልኩ ውስጥ።

«እህትህማ» አለች እማዬ፣ «ገና ከመጀመሪያው ቀን ጠልታታለች።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት ጨመረች፤ «ግን እኔ ስወድቅ ከሥራዋ እየሮጠች የመጣችው እሷ ናት። ጫማዋን እንኳ በትክክል አላደረገችም ነበር።»

ያን ማየቷን አላውቅም ነበር። ወደ ሽንኩርቱ ተመለስኩ።